ስለ ፌቭሮንያ ዓሣና ስለ ክቡርነትዎ ቱቦ

ይድረስ ለሰሜኑ የጠፈር ማስወንጨፊያ ጣቢያ ዋና አዛዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉበትዎ ደህና ነው? የዓይንዎ ነጩ ክፍል ቢጫ አላለም? የሻይ ብርጭቆ ሲያነሡ እጅዎ አይንቀጠቀጥም? እንዲህ በዝርዝር መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ በእኛ ቤት ከጥር ወዲህ ጤና የምንጠያየቀው በዚህ ዓይነት ስለሆነ ነው። ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነት፣ ለተከበሩት ባለቤትዎም ንጹሕ አየር ከልብ እመኛለሁ።

በደብዳቤው ራስ ላይ ስምዎን ያላሰፈርኩት ከንቀት የተነሣ አይደለም። የፖስታ ቤታችንን ሠራተኛ ታይሲያን ብጠይቃት "ሳቬሊች፣ የአዛዡ ስም እኮ ሚስጥር ነው" አለችኝ። አድራሻቸውስ ብላት እሱም ሚስጥር ነው አለች። "ታዲያ ደብዳቤ ሲጻፍላቸው በምን ይደርሳቸዋል?" ብዬ ባፋጥጣት "አይጻፍላቸውማ!" ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። ስለዚህ በጋዜጣ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ጋዜጣችን ዘንድሮ ያገኘውን ሁሉ ያትማል፤ ባለፈው ስለ አንዲት የጠፋች ፍየል ገጹን ግማሽ ሰጥቶ ነበር፤ ለሚስቴም ያን ያህል ቦታ አይነፍጋትም ብዬ ነው።

እኔ ኒካንድር ሳቬሊች ፖታሾቭ እባላለሁ፤ በሜዜን ወንዝ ዳር የሱልጋ መንደር ዓሣ አጥማጅና ጀልባ ሠሪ ነኝ። በወንዙ ላይ የእኔን ጀልባ የሚቀድም ጀልባ የለም፤ ከተገኘም እኔው ራሴ የሠራሁት ሌላኛው ነው። በዚህ ላይ ዘንድሮ በመንደሩ ክበብ የሚሰጠውን የማታ የፊደል ትምህርት በአንደኝነት አጠናቅቄአለሁ። ከሦስት ተማሪዎች አንደኛ መውጣት ምን ይደንቃል የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አንዱ ሉክያን ጆሮው አይሰማም፣ ሌላው የሚመጣው ምድጃ ሊሞቅ ነው ይላሉ። ይበሉ። መምህርታችን ዞያ ፕላቶኖቭና ግን በሁሉም ፊት "ሳቬሊች፣ እጅህ የአፍህን ያህል ቢሠራ የት በደረስክ!" ብለው አመስግነውኛል። እስከ ሽምግልናዬ ሳልማር የቆየሁትም ሰነፍ ሆኜ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን እኔን የሚያህሉ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይሆን መረብ ላይ ነበሩ። ኋላ ማንበብ የምትችል ሚስት አገባሁ፤ ለአንድ ቤት ሁለት ምድጃ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

ያቺ ሚስቴ ፌቭሮንያ ማክሲሞቭና ናት። ይህን ደብዳቤ አንብባ፣ ግማሹን ሰርዛ፣ "ይሄ ጉራ ነው፣ አውጣው" ማለት የሚገባት እሷ ነበረች። አሁን ግን በወረዳው ሆስፒታል በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ፊደሉ ገጹ ላይ ይራመድብኛል ትላለች። ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ባለፈው ጥቅምት ከሰማይ በወደቀው ቱቦዎ ውስጥ የነበረው ነዳጅ ምን እንደሚባል ይጻፉልኝ። ይህ ከተጻፈ ሐኪሟ መርዙን ወደሚያውቀው የትልቁ ከተማ ሆስፒታል ልትልካት ትችላለች፤ ካልተጻፈ አትችልም። ሌላው ምስጋና ብቻ ነው፤ ምስጋናዬም ስለበዛ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሳተላይቱ እንኳን ደስ ያለዎ።

በዚያ የጥቅምት ምሽት ከጫካው ባሻገር ሰማዩ ቀላ፣ የመስኮታችን መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ራዲዮኑም የመከላከያ ሳተላይት በተሳካ ሁኔታ ወደታሰበለት ቦታ ወጣ ብሎ ወደ ሙዚቃው ተመለሰ። ለምን እንደተላከ ራዲዮኑ ባይናገርም ጎረቤቴ ላቭር ነገረን። ላቭር በወጣትነቱ በሠራዊቱ ወጥ ቤት ድንች ሲልጥ ስለኖረ የመንደራችን የጦር ጉዳዮች ሊቅ ነው። "ስለላ ነው። ይኼ ዕቃ ከላይ ሆኖ የመኪና ታርጋ ቁጭ አድርጎ ያነባል" አለን። በዚህ ጊዜ ማክሲሞቭና "ታዲያ የኛን ኒካንድርን በለጠዋ! እሱ ወረቀቱን እጁ ላይ ይዞት እንኳ አያነብም" ብላ መንደሩን ሁሉ አሳቀችብኝ። በበነጋታው ሄጄ ለማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፊደል የቆጠርኩት በሳተላይትዎ እልህ ነው፤ ይህን ውለታዎን እስክሞት አልክድም።

ሁለተኛ፤ ስለ ቱቦው እግዜር ይስጥልኝ።

ክቡርነትዎ ዓይንዎን ወደ ላይ በላኩ ቁጥር ተሸክሞት የሄደው ነገር ሥራውን ሲጨርስ የሚወድቀው በእኛ ረግረግ ላይ ነው። ጣራ ላይ አልወደቀም፣ ላም ላይም አልወደቀም፤ ስለዚህ ለዓመታት ቅር ብሎን አያውቅም። እንዲያውም ስጦታ ነበር። ያ ብረት ከእንጨት ይቀላል፣ አይዝግም፣ አይበሰብስም፤ በቁመቱ ሰንጥቆ አፍንጫውን ማሾል ለሚያውቅበት ሰው፣ ማለትም ለእኔ፣ የልጅ ልጅ የሚወርሰው ጀልባ ይወጣዋል። በሱልጋ ሕግ ከሰማይ የወደቀ ቱቦ ንብረትነቱ ልብሱን ቀድሞ ለጣለበት ሰው ነው። ስለዚህ ሰማዩ ሲያጓራ መንደሩ ሁሉ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወደ ረግረጉ ይሮጣል።

በጥቅምቱ ሩጫ ወንዶቹን ሁሉ ጥላ ቀድማ የደረሰችው ፌቭሮንያ ናት። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ሆኜ ሳያት ቀዩን ሻሽዋን ከራሷ ላይ መንጭቃ ቱቦው ላይ ወረወረችው። ላቭር እያለከለከ ደረሰና "ማክሲሞቭና፣ አይሆንም! ሻሽሽ ገና አየር ላይ እያለ የኔ ኮፍያ አርፏል!" አለ። እሷም "ኮፍያህ ምን ያድርግ ላቭር፣ ከታች የሚይዘው ነገር ቢያጣ ቀድሞህ ወጣ!" አለችው። ላቭር ራሱ ሳይቀር እየሳቀ ተረታላት። ረግረጉ በረዶ ሆኖ ከጠጠረ በኋላ በፈረስ አስጎትተን ወደ ጀልባ መሥሪያዬ ዳስ አስገባነው። ከዚያች ቀን በኋላ በቤታችን እንደዚያ የሳቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሽታው።

ከዚህ ቀደም ይልኩልን የነበሩት ቱቦዎች የሚሸቱት ላምባ ነበር። ላምባ እናውቃለን፤ በአመድና በፈላ ውሃ ሲታጠብ ይለቃል። የጥቅምቱ ግን ሌላ ነበር፤ የሚሸተው በርሜል ውስጥ የከረመ ዓሣ ነው።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ከወዴት አገር እንደሆኑ ስለማላውቅ ጥቂት ልበል። ሌላ አገር ሰው እንዲህ ያለ ሽታ ሲያገኝ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ እኛ ዳቦ ይዘን እንመጣለን። ዓሣው ጨው ተነስንሶበት፣ በርሜል ውስጥ ታሽጎ፣ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለቅ ድረስ ይቀመጣል፤ ሲከፈት እንግዳ አፍንጫውን ይይዛል፣ እኛ ማንኪያ እንይዛለን። በዚህ ሙያ በወንዙ ላይና ታች የማክሲሞቭናን እጅ የሚስተካከል አልነበረም። የእሷ በርሜል ያልተከፈተበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። ስለዚህ ቱቦዎ ዳሳችን ውስጥ ገብቶ ከምድጃው ሙቀት ጋር ሽታውን ሲለቅ፣ በዓለም ላይ ካለ ሕዝብ ሁሉ መሸሽ የማያውቅበት የእኛ ብቻ ሆነ። የላቭር ሚስት ግላፊራ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ማክሲሞቭና፣ በርሜል ከፈትሽ እንዴ? ዳቦ ይዤ ልምጣ?" አለች። የእኔም አፍ ምራቅ ሞላ። አይደብቁኝ ክቡር ሆይ፣ ይህን የቀላቀለው ባለሙያ አማቻችን ነው? እንዲህ አስመስሎ የሠራልን ከእኛ ማዕድ የበላ ሰው ካልሆነ ማን ሊሆን ይችላል?

ቱቦው ከመሰንጠቁ በፊት ውስጡ መታጠብ ነበረበት። የእኔ ሆድ በአፉ አያልፍም፤ ፌቭሮንያ ግን ቀጭን ስለሆነች ባልዲዋንና ጨርቋን ይዛ ገባች። ውሃው እንዳይበርድባት ምድጃውን አቀጣጥዬ በሩን ዘጋሁላት። ከውስጥ ሆና ስትዘፍን ብረቱ አብሮ ይዘፍን ነበር። "ኒካንድር፣ ታችኛው ላይ ቢጫ ዝቃጭ አለ፤ ሽታው የናትህን በርሜል ነው የሚመስለው" ትለኛለች። "እናቴን ተያት፣ በደንብ ፈትጊ" እላታለሁ። ስትወጣ ዓይኗ እንባ ያዘንባል፤ ጭሱ ነው ትላለች። ጨርቁን ጨምቃ ተመልሳ ትገባለች። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ እንዲህ ስትገባ ስትወጣ ከረመች፤ ውስጡን እንደ መስታወት አደረገችው። ቱቦዎን እንዲህ አጥቦ የሚያስረክብዎ ሰው በጣቢያዎ ውስጥ እንደሌለ እወራረዳለሁ።

በጥር ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ያነሣችው ማንኪያ ከእጇ መውደቅ ጀመረ። ከዚያ አንድ ማለዳ ምድጃው ሥር ወድቃ ጥርሷን ነክሳ ስትንፈራገጥ አገኘኋት። ያን ቀን ከእኔ ጋር ተሸክሟት የሮጠው ያ ኮፍያው የቀደመው ላቭር ነው።

አራተኛ፤ ስለ ዓሣው። ይህን ጋዜጣ ሆስፒታል ውስጥ ለባለቤቴ የሚያነብላት ቅን ሰው ቢኖር ይህን አራተኛውን ቁጥር እንዲዘልልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሆስፒታሉ ምን በላች ብሎ ጠየቀ፤ ዓሣ ተባለ፤ የተበላሸ ዓሣ ተብሎ ተጻፈ፤ ነገሩም በዚህ አለቀ። ወዲያው የጤና ቁጥጥር ሰዎች በመኪና መጡ። ለዚህ ፍጥነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሐኪም ስንፈልግ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ለበርሜል ግን ተከፈተ። በርሜሎቹ ያሉት ከዳሱ ጀርባ ስለሆነ እነሱ ዘንድ ለመድረስ የእርስዎን ቱቦ መሻገር ነበረባቸው፤ እየተደጋገፉ ተሻገሩት። የማክሲሞቭናን በርሜሎች አንድ በአንድ በላዩ ላይ እያሳለፉ አወጡና ጉድጓድ ቆፍረው ቤንዚን አርከፍክፈው አቃጠሏቸው። ከመካከላቸው አንዷ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና "ኧረ አባባ፣ በዚህ ሽታ ውስጥ እንዴት ትኖራላችሁ?" አለችኝ። "ልጄ፣ በርሜሎቹን እኮ አቃጠላችኋቸው። አሁን የሚሸተው ምንድን ነው?" አልኳት። "ይጠፋል፣ ታገሡ" ብላኝ መኪናዋ ውስጥ ገባች። እስካሁን እየታገሥኩ ነው፤ እስካሁን ይሸታል።

ከዚያው በርሜል እኔም በልቻለሁ። ግላፊራም በልታለች። ላቭርማ በወረዳው አስተዳደር ቢሮ ጠረጴዛ እየደበደበ "እኔ ከዚያ በርሜል የበላሁትን ዓሣ ብታሰልፉት እስከ ባሕሩ ድረስ ይደርሳል፤ ይኸው ቆሜላችኋለሁ!" ብሎ ሆዱን ከፍቶ አሳያቸው። ጥበቃ ጠርተው አስወጡት። ይሁንና የተጻፈ ነገር ጉልበት አለው፤ አሁን በታችኞቹ መንደሮች የፌቭሮንያ ዓሣ ሰው ይገድላል እየተባለ ይወራል። አርባ ዓመት ሙሉ መንደር የመገበች ሴት በገዛ እጇ ራሷን መረዘች ተባለች።

ባለፈው ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት "በርሜሎቹን ወደ ጥላው አዞርካቸው?" አለችኝ። አዙሬአቸዋለሁ አልኳት። "የትንሹን ክዳን አጥብቀህ ግጠመው፣ እሱ ለፋሲካ ነው" አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ በቀልድ የታወቅሁ ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፊቴን ሳላበላሽ የተናገርኩት ቀልድ የለም።

አምስተኛ፤ ስለ መልስዎ።

ሐኪሟ ሪማ አርካድየቭና በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ነገር ግን ለሌሊት እንቅልፏ የማትሳሳ ሰው ናት። ወደ በረንዳው ወስዳኝ እንዲህ አለችኝ፦ "ሳቬሊች፣ ልብሷን ሳሸተው ዓሣ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግን ሽታ ላይ ፈርሜ ሰው መላክ አልችልም። እዚያ ያሉት 'ምን ነካት?' ይሉኛል፤ ስሙን ካልነገርኳቸው አልጋ አይሰጡኝም፣ እኔም የቱን መድኃኒት እንደምሰጣት አላውቅም።" ስሙን ከየት ላምጣልሽ ብላት "ከላኩት ሰዎች" አለች። እስከ መቼ ብላት ደግሞ ወንዙን አየችና "በረዶው እስኪሰበር። ከዚያ በኋላ መኪና የሚሻገርበት መንገድ የለም፤ ጉበቷም ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀኝ አይመስለኝም" አለችኝ።

በወረዳው በኩል ጠየቅን። ሪማ አርካድየቭና ራሷ የማስወንጨፊያ ጣቢያዎን ስልክ አፈላልጋ ብትደውል፣ አንድ ጨዋ ድምፅ ያለው መኮንን "እህቴ፣ ከእኛ ዘንድ የሚነሣ ነገር ወደ ላይ ነው የሚሄደው" ብሎ መለሰላት። ቀጥሎም የጽሑፍ መልስ መጣልኝ፤ የላኪ ስም የለው፣ አድራሻ የለው፣ ማኅተም ብቻ። "በተጠቀሰው ቀን በተጠቀሰው ስፍራ የወደቀ ነገር የለም" ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህ በዕድሜዬ ሙሉ በገዛ ዓይኔ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ጣቴን ከፊደል ፊደል እየጎተትኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ እስከ መጨረሻው ደረስኩ፤ ደርሼም ተሳስቼ ያነበብኩት ስለመሰለኝ መምህርት ዞያ ፕላቶኖቭና ዘንድ ወሰድኩት። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ "በትክክል ነው ያነበብከው" አሉኝ።

የመኪና ታርጋ ከሰማይ የሚያነብ ዓይን፣ በአንድ የአሮጊት ቀይ ሻሽ የተሸፈነ፣ ከቤቴ የሚረዝም ቱቦ አላየም ማለት ነው። ይህንን ዓይን ለሀገር መከላከያ መስጠትዎ ስላሳሰበኝ በወዳጅነት አሳውቅዎታለሁ።

ስድስተኛ፤ ቱቦው አሁንም ዳሴ ውስጥ አለ። አልሰነጠቅኩትም። ስላልወደቀ መጥተው ሊወስዱት እንደማይችሉ ይገባኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ በርሜሎቹንም ይተኩልኝ አላልኩም፤ ሳተላይትዎም በሰላም ይዙር። የምለምነው የዚያን ነዳጅ ስም ብቻ ነው። ማኅተም ባይኖረውም ግድ የለም፤ በቁራጭ ወረቀት፣ በስልክ፣ በሹክሹክታም ቢሆን ለሪማ አርካድየቭና ይድረሳት። ሚስጥርዎን እንደምንጠብቅ ቃል እገባለሁ። ላቭር ሊለፈልፍ ይችላል፤ ላቭርን ግን ማንም አምኖት አያውቅም። ባለፈው ወደ ሆስፒታል ስሄድ ማክሲሞቭና እጄን ይዛ "አርባ ዓመት ሙሉ እኔ አነበብኩልህ፤ በል አሁን ተራው ያንተ ነው፣ ደህና ነገር የተጻፈበት ፈልገህ አንብብልኝ" አለችኝ። በኪሴ የነበረው የእርስዎ መልስ ብቻ ነበር። አላነበብኩላትም።

በክቡርነትዎ ከፍታ ልክ ዝቅ ብዬ፣ ከሰማይ ለሚወርደው ሁሉ ከሥር ቆሜ የምቀበል፣ ጤናዎን ከጉበትዎ ጀምሮ የምመኝልዎ፣

ኒካንድር ሳቬሊች ፖታሾቭ
ጀልባ ሠሪ፣ የማታ ትምህርት አንደኛ፣ የፌቭሮንያ ማክሲሞቭና ባል
ሱልጋ፣ መጋቢት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ጋዜጣ ማንበብ የማያዘወትሩ ከሆነ በማለት፣ የፈለጉትን ነገር ከላይ ሆነው ስለሚያነቡ፣ ጥያቄዬን እንዲመችዎ አድርጌ ወንዙ ላይ ጽፌዋለሁ። ለቀለም የሚሆነኝን ከሰል ያገኘሁት የማክሲሞቭና በርሜሎች ከተቃጠሉበት ጉድጓድ ነው። ሉክያን ጆንያውን ጎተተልኝ፣ ላቭር በረዶውን ጠረገልኝ፣ መምህርት ዞያ ፕላቶኖቭና ዳር ቆመው "ሳቬሊች፣ የጥያቄ ምልክቱን አትርሳ!" እያሉ ጮኹብኝ። እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ጀልባ ርዝመት አለው፤ "ቱቦው ውስጥ ምን ነበረ?" ይላል። በረዶ በወረደበት ቁጥር ጠርገን መልሰን እንጽፈዋለን። ሰማዩም ሰሞኑን ጥርት ያለ ነው። ወንዙ የሚሰበረው በሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ይነበባል። ከዚያ ወዲያ የሚልኩልኝን መልስ አነበዋለሁ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ። የማነብላት ግን አትኖርም።